ስንግ ቃሪያን የሚያውቅ እጅ ደበርጃንን አይፈራም

ሰው የልማድ ልጅ ነው፤ ከልማዶችም ሁሉ አጥብቆ የሚይዘው የገበታን ልማድ ነው። ልብሱን ይለውጣል፣ ቤቱን ይለውጣል፣ የሰው አገር ቋንቋ ይማራል፤ እናቱ ያላስለመደችው ነገር በገበታው ላይ ሲቀርብለት ግን እጁን ይሰበስባል። ይህ ጠባይ ጨርሶ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገራችን ጣዕሟንና ወጓን ጠብቃ የኖረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነውና። ይሁን እንጂ ልማድ ብቻውን ሲሆን ሰውን ባለበት ያስቀረዋል። እኛም ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ አንድ አትክልት አሞላልና አበሳሰል ለመጻፍ የተነሣነው ልማድን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ልማዳችን ራሱ ወደ አዲስ ነገር የሚያሻግር ድልድይ እንዳለው ለማሳየት ነው።

አትክልቱ ደበርጃን ይባላል፤ በድንጃን የሚሉትም አሉ። ብዙውን ጊዜ ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን፣ ቆዳው ጠቁሮ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ የተወለወለ ጫማ የሚመስል ነው። ውስጡ ግን ነጭና ልል ነው። በአዲስ አበባ በአትክልት ሻጮች ዘንድ ይገኛል፤ በደጋው አገር ግን ብዙ ሰው መልኩን እንጂ ጣዕሙን አያውቀውም። ይህን አትክልት ሆዱን ከፍቶ በሽንኩርት፣ በሥጋ ወይም በእህል እየሞሉ ማብሰል ከሕንድ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ድረስ የታወቀ የቤት ሙያ ነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነውና በምሳሌ እንመልስ። ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ምድሪቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ማዘቅዘቅ በምትጀምርበት አቅጣጫ ትገኛለች። ወደ እንደዚህ ያሉ ከተሞች ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ለሥራ ይላካሉ፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ የጤና ሠራተኛ፣ አንዱ የእርሻ ባለሙያ፣ አንዱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይሆናል። ወጣቱ አንድ ክፍል ቤት ይከራያል፤ ፍራሽ፣ ባልዲ፣ አንድ የከሰል ምድጃና አንድ ድስት ይገዛል። ድስቱ ግን በመጀመሪያው ወር ሻይ ይፈላበታል፣ በሁለተኛው ወር ውኃ ይሞቅበታል፣ በሦስተኛው ወር ከአልጋ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ምሳው የምግብ ቤት ሽሮ፣ እራቱ ዳቦ በሻይ ይሆናል። ደመወዙም ወሩ ሳያልቅ ያልቃል።

ሽሮን አንነቅፍም፤ ሽሮ ያሳደገን ምግብ ነው። የምንነቅፈው ሌላ ነገር መሥራት ስለማይችሉ ብቻ ሽሮን እስከ ምሬት ድረስ መብላትን ነው። በተለይ ጾም ሲገባ ችግሩ ይጎላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት በኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ፍልሰታ በነሐሴ መጀመሪያ 15 ቀን ይጾማል፤ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀኖች በቀር ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ይህን ሁሉ ቀን በአንድ ዓይነት ወጥ ለሚያሳልፍ ሰው ጾሙ የነፍስ ተግሣጽ መሆኑ ቀርቶ የሆድ ስልቹነት ይሆንበታል።

የባሶ ገበያ ትምህርት

ይጁቤ ከሩቅ ለሚመጣ ነገር እንግዳ አይደለችም። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ ዓ.ም. በጎጃም በተቀመጠበት ጊዜ በይጁቤ ይቆም ስለነበረው ስለ ባሶ ገበያ ጽፏል። ያ ገበያ ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይዘው የሚወጡበት፣ ከሰሜን የወረደው አሞሌ ጨው የሚለወጥበት፣ በዘመኑ ክፉ ልማድም ሰው ሳይቀር የሚሸጥበት ታላቅ ገበያ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዘመን የባሶን ገበያ ከዳር እስከ ዳር የዞረ ሰው ድንች የምትሸጥ ሴት አያገኝም ነበር። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆን ጊዜውም በ1850 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ግን ድንችን ከጎጃም ገበሬ ጓሮ የሚለይ ማን ነው? ያለ እርሱ ወጥ አይሆንም የምንለው በርበሬ፣ ከእንጀራ ጋራ የምንገምጠው ቃሪያ፣ ቲማቲሙም ጭምር የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ በ1485 ዓ.ም. ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእኛ በኩል ያለው ዓለም አያውቃቸውም ነበር። እነዚህ ሁሉ በእንግድነት መጥተው ባለቤት ሆነዋል። እንግዲህ «የባዕድ ምግብ አልበላም» የሚል ሰው በርበሬ በወጡ ላይ ነስንሶ ይህን ቢናገር ነገሩ ሳቅ ያስነሣል።

ደበርጃን የመጣው ግን በሌላ በር ነው። መነሻው እስያ ነው፤ ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች አገር ተሻግሮ፣ ዐረቦች በመካከለኛው ዘመን እስከ እስፓኝ አደረሱት። ስሙም ከእርሱ ጋራ ተጉዟል፤ ፋርሶች «ባዲንጋን»፣ ዐረቦች «ባዚንጃን» ሲሉት፣ እስፓኞች «ቤሬንኼና»፣ ፈረንሳዮች «ኦበርዢን» ይሉታል። የእኛም «ደበርጃን» የዚሁ ስም ዘመድ መሆኑን ጆሮ ይመሰክራል።

የአገራችን ልጅ ደበርጃንን በመጀመሪያ ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በመንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆነው እምቧይ የደበርጃን የቅርብ ዘመዱ ነው። እምቧይ መራራና መርዘኛ መሆኑን፣ ለመብል ቀርቶ ለካብ እንኳ እንደማይሆን «የእምቧይ ካብ» የሚለው አነጋገራችን ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ድንችና ቲማቲምም ከእነዚሁ ወገን ናቸው፤ አንዱ ዘመድ ክፉ ስለሆነ ዘሩ ሁሉ አይወገዝም። ጥርጣሬው የእኛ ብቻም አይደለም፤ ጣሊያኖች «ሜላንዛና» የሚሉትን ይህን አትክልት የቀድሞ ሰዎቻቸው «ሜላ ኢንሳና»፣ ማለት «የእብድ ፖም» ነው ብለው ይፈሩት ነበር። ዛሬ ግን የሲሲሊያ ሰው ያለ ደበርጃን በጋውን የሚያሳልፍ አይመስለውም። ማስጠንቀቅ የሚገባን፣ የሚበላው ፍሬው እንጂ ቅጠሉ አለመሆኑን ብቻ ነው።

መሙላት ለእኛ አዲስ ነው ወይ?

ቱርኮች የተሞላውን አትክልት ሁሉ «ዶልማ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «የተሞላ» ማለት ነው። ዐረቦች «ማሕሺ» ይላሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው። የእኛስ እናቶች ምን ይላሉ? «ስንግ» ይላሉ። ቃሪያውን በአንድ ጎኑ ሰንጥቀው ፍሬውን ያወጡና፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም በጨው፣ በዘይትና በሎሚ አሽተው ይሞሉታል። ይህ ዶልማ ካልሆነ ምን ይባላል? አንጀቱን አጥበው ሥጋና ቅመም የሚሞሉት ቋሊማስ? በሊጥ መካከል የዶሮ ወጥ ሸሽጎ የሚጋገረው ዶሮ ዳቦስ? መሙላትን ከማንም አልተበደርንም። ልዩነቱ ስንግ ቃሪያን ጥሬውን መብላታችን፣ እነርሱ ደግሞ የሞሉትን ማብሰላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ስንግ ያዘጋጀ እጅ ደበርጃን ለመሙላት ግማሹን መንገድ አስቀድሞ ሄዷል እንላለን።

የኢማሙ ሚስትና የዘይቱ ነገር

ከተሞሉት የደበርጃን ምግቦች ሁሉ ስሙ የገነነው የቱርኮቹ «ኢማም ባይልዲ» ነው፤ ትርጉሙም «ኢማሙ ራሱን ሳተ» ማለት ነው። ስለ ስሙ የሚተረተው ጨዋታ እንዲህ ነው። አንድ ኢማም የዘይት ነጋዴ ልጅ አገባ ይባላል። ሙሽራይቱም በጥሎሽ አሥራ ሁለት ማሰሮ የወይራ ዘይት ይዛ መጣች። በየማታው ሽንኩርትና ቲማቲም የተሞላ ደበርጃን እየሠራች ታቀርብለት ጀመር፤ እርሱም በምሥጋና ይበላ ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ገበታው ባዶ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ቢጠይቃት «ዘይቱ አለቀ» አለችው፤ ወዲያው ራሱን ስቶ ወደቀ። ሌሎች ደግሞ የወደቀው ከጣዕሙ የተነሣ ነው ይላሉ።

ጨዋታው ጨዋታ ቢሆንም ቁም ነገር አለበት። የደበርጃን ሥጋ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ጥሬውን በጋለ ዘይት ውስጥ የጣሉት እንደሆነ ዘይቱን እንደ ጥጥ ይመጠዋል። ዘይት በተወደደበት ዘመን፣ በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው፣ ይህ እንደ ኢማሙ ራስን ሊያስት ይችላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ከመሙላት በፊት ደበርጃኑን በደረቅ ምጣድ ወይም በፍም ላይ እያገላበጡ ጥቂት ማለስለስ ነው። እሳት ሲያገኘው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘይት አይጠጣም። ኢማሙ ይህን የምታውቅ ሚስት ቢያገኝ ኖሮ አሥራ ሁለቱ ማሰሮ ለብዙ ወራት በበቃው ነበር።

አመራረጡና አዘገጃጀቱ

ደበርጃን ሲገዛ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የማይቀር፣ እንግጫው አረንጓዴ የሆነ ይመረጣል። ያረጀው ፍሬው ይበዛል፤ ይመርራልም። ለአራት ሰው አራት መካከለኛ ደበርጃን፣ ማለት አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል።

በደንብ ታጥቦ እንግጫው ሳይቆረጥ፣ ቆዳው አንድ መስመር እየተላጠ አንድ መስመር እየተተወ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ይደረጋል። ቆዳው ሁሉ ቢላጥ ሲበስል ይፈርሳል፤ ሁሉም ቢተው ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ከአንገቱ እስከ ታች፣ ግን ሁለቱ ጫፎች ሳይደርሱ፣ በአንድ ጎኑ ይሰነጠቃል። ጨው ወደ ውስጥ ነስንሶ ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ውኃውን ያወጣል፤ ምሬት ካለውም ይቀንስለታል። ከዚያም ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ በጨርቅ ይደርቃል። አሁን በደረቅ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይለሰልሳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ለሚቀጥሉት ስልቶች ሁሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስልት፤ የጾም ደበርጃን በሽንኩርት

ይህ ኢማም ባይልዲ የተባለው ነው። ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት በቀጫጭኑ ይከተፋል፤ ለወጥ ቁሌት እንደሚደረገው ግን አይጠቁርም። በሁለት የቡና ስኒ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ መልኩ እንደ መስተዋት ጠርቶ እስኪለሰልስ ድረስ ይማሰላል። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት የተከተፈ ቲማቲምና ጨው ተጨምሮ ውኃው እስኪመጥ ይበስላል። ደበርጃኖቹ ስንጣቂያቸው ወደ ላይ ሆኖ በድስቱ ውስጥ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ መሙያው እየተጫነ ይገባባቸዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ክብ ቲማቲምና አንድ ቁራጭ ቃሪያ ይቀመጣል። ሁለት ስኒ ውኃ በድስቱ ጎን ይፈስሳል፤ ከዚያም ተከድኖ በለዘብታ ፍም ላይ 40 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ቱርኮችና ግሪኮች በወይራ ዘይት ይሠሩታል፤ በጎጃም ግን የኑግ ዘይት የሚያገኝ ሰው የወይራ ዘይት ፍለጋ መድከም አያስፈልገውም። ኑግ የራሱ መዓዛ ስላለው አስቀድሞ በደንብ ማጋል ይገባል። ይህ ምግብ ትኩሱን ከመብላት ይልቅ በርዶ ሲበላ ይጣፍጣል። በማግሥቱ የሚሻል ምግብ ማግኘት ደግሞ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ስልት፤ የፍስክ ደበርጃን በሥጋ

ቱርኮች «ካርኒያሪክ»፣ ማለት «ሆደ ስንጥቅ» የሚሉት ነው። ግማሽ ኪሎ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ ደቅቆ ይከተፋል። በሁለት ራስ ሽንኩርት፣ በሁለት ቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው እንደ ጥብስ ይሠራል። የእኛ ሰው በዚህ ላይ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ቁንጥር ኮረሪማ ቢጨምር ከልካይ የለውም። ሥጋው ከመሞላቱ በፊት መብሰል አለበት፤ በደበርጃኑ ሆድ ውስጥ ይበስላል ብሎ ጥሬውን መሙላት አይገባም።

ይህ ምግብ ከላይ የሚያገኘው ሙቀት ይፈልጋል። «ምድጃዬ የከሰል ነው፤ የዳቦ ምድጃ ከየት ላምጣ?» ለሚል አንባቢ መልሱ ከእናቱ ቤት ይገኛል። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው ከላይም ከታችም እሳት ሆኖ አይደለምን? የተሞላው ደበርጃን በብረት ድስት ተደርድሮ፣ የብረት ክዳን ተከድኖ፣ በክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ይደረጋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ላዩ ቡናማ መልክ ይዞ ይወጣል።

ግሪኮች ይህንኑ ሥጋ በግማሽ በተሰነጠቀ ደበርጃን ላይ ይሞሉና፣ በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የተሠራ ነጭ መረቅ አልብሰው ይጋግሩታል። ስሙን «ፓፑጻኪያ»፣ ማለት «ትንንሽ ጫማዎች» ይሉታል። ዐረቦች በበኩላቸው ትንንሹን ደበርጃን በሥጋና በለውዝ መሳይ የጥድ ፍሬ ሞልተው «ሼኽ አል ማሕሺ»፣ የተሞሉት ሁሉ ሼህ፣ ብለው ሾመውታል። ሥጋ የተሞላው ደበርጃን ግን፣ በረዶ ቤት በሌለበት፣ ለነገ አይባልም፤ በዕለቱ መበላት አለበት።

ሦስተኛው ስልት፤ የአርመኖች የጾም ሙሌት

አርመኖች ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያናቸው የእኛ እኅት ናት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የማርሽ ሙዚቃን በአገራችን እንዳስፋፉ የታወቀ ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ እኛ ረጅም ጾም ስላላቸው ሥጋ የሌለበት ሙሌት አላቸው። በአገራቸው የታወቀው የጾም ዶልማ በጥቅል ጎመን ቅጠል የሚጠቀለል ሲሆን፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ የተከካ ስንዴና ሌሎችም ጥራጥሬዎች እስከ ሰባት ዓይነት ተቀላቅለው ይገቡበታል። አንባቢያችን ይህን ዝርዝር በልቡ ይያዘውና ወደ ይጁቤ ገበያ ይውጣ፤ ከእነዚህ ውስጥ የጎጃም መሬት የማያበቅለው የትኛው ነው?

ለደበርጃን ሲሆን እንዲህ ይደረጋል። ደበርጃኑ ምጣድ ላይ አይለሰልስም፤ ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ በማንኪያ ይፈለፈላል። ሁለት ስኒ ምስር ግማሽ ብስል ይቀቀላል። ሁለት ስኒ የስንዴ ቅንጬ በሙቅ ውኃ ይነከራል። ከተፈለፈለው ሥጋ፣ ከለሰለሰ ሽንኩርት፣ ከዘይት፣ ከጨውና ከጥቂት ጦስኝ ጋራ ይደባለቃል። ሙሌቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ መያዝ አለበት፤ ቅንጬው ሲበስል ያብጣልና። እስከ ወገቡ ውኃ ተደርጎበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ 45 ደቂቃ ይበስላል።

ይህ ስልት በእኛ አስተያየት ለደሞዝተኛ ወጣት ከሁሉ የተሻለ ነው። ከደበርጃን መቶ እጅ ከዘጠና የሚበልጠው ውኃ ነው፤ በ100 ግራም የሚሰጠው ሙቀት 25 ካሎሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ብቻውን አያጠግብም። ምስር ግን ከክብደቱ ሩብ የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ቅንጬም ኃይል ይሰጣል። እንግዲህ ደበርጃኑ ዕቃው፣ እህሉ ጉልበቱ ነው ማለት ይቻላል።

አራተኛው ስልት፤ የሕንዶች ቅመም

ሕንዶች «ባርዋን ባይንጋን» የሚሉት በትንንሽ ደበርጃን ይሠራል። በታች በኩል በመስቀል ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ እንግጫው ግን አራቱን ክፍል አንድ አድርጎ ይይዛል። በደቡብ በኩል ያሉት ሕንዶች የተቆላ ለውዝ፣ ሰሊጥና ቅመም ወቅጠው ይሞሉታል። የእኛ ወጥ ቤት ሙቀጫም ቅመምም አያጣም። አራት ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ፣ አንድ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ነጭ አዝሙድና ጨው አንድ ላይ ተወቅጦ በጥቂት ዘይት ይለወሳል። የተሞላው ደበርጃን በሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ድስቱ ተከድኖ፣ በዝግታ እየተገላበጠ ይበስላል። ከእንጀራ ጋራ ሲቀርብ ከባዕድ አገር የመጣ ነው ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም።

ደበርጃን ያልተገኘ እንደሆነ

ደበርጃን ሙቀት ይወዳል፤ ብርድ ያደክመዋል፣ ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ በደጋው ከተማ ሁልጊዜ አይገኝ ይሆናል። ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ግን እንደ ጠባዩ የሚስማማው ነው፤ በእርሻ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች በዚህ ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን። እስከዚያው ግን ጥበቡ ከአትክልቱ ይበልጣልና፣ ያንኑ ሙሌት በሌላ ዕቃ ማድረግ ይቻላል።

ትልልቅ ቃሪያ ተሰንጥቆ በምስርና በቅንጬ ተሞልቶ ቢበስል ስንግ ቃሪያ አደገ ማለት ነው። ትልቅ ድንች ጥሬውን ተልጦ፣ ውስጡ በማንኪያ ተፈልፍሎ፣ በሽንኩርት ወይም በሥጋ ተሞልቶ፣ በቲማቲም መረቅ ይበስላል። የጥቅል ጎመን ቅጠል በፈላ ውኃ ሦስት ደቂቃ ለስልሶ፣ አንድ ማንኪያ ሙሌት ተደርጎበት እንደ ደብዳቤ ይታጠፋል፤ በድስቱ ውስጥ ተጠጋግቶ ተደርድሮ፣ እንዳይፈታ ሳህን ተጭኖበት ይቀቀላል። ሩዝ የሚወድ ሰው በቅንጬ ፈንታ የፎገራን ሩዝ ቢያደርግ የአገሩን ገበሬ ይጠቅማል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ሦስት ነገር ማስታወስ ይገባል። አንደኛ፣ እሳት አይብዛ፤ የተሞላ ነገር ሲንተከተክ ይፈርሳል፤ ቀስ ሲል ይበስላል። ሁለተኛ፣ ውኃ አይብዛ፤ ምግቡ ወጥ ሳይሆን ሙሌት ነው። ሦስተኛ፣ ከእሳት እንደወጣ አይነካ፤ ሩብ ሰዓት ዐርፎ ሲቆረጥ ቅርጹን ይዞ ይቀርባል።

ባለሙያ ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንዳንድ ወጣት ይህን ሁሉ አንብቦ «ይህስ ለሴቶች የተጻፈ ነው» ብሎ ገጹን ይገለብጥ ይሆናል። ለእርሱ አንድ ቃል አለን።

ወጣቱ ሹም በቢሮው ደብዳቤ ሲፈርም ከስሙ ሥር «ባለሙያ» ብሎ ይጽፋል፤ በዚህም ይኮራል፣ መኩራትም ይገባዋል። በእናቱ ቤት ግን ይኸው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። «እርሷ እኮ ባለሙያ ናት» ሲባል ወጧ የማይሰለች፣ ጠላዋ የማይቀጥን፣ ጥቂቱን አብቃቅታ እንግዳ የምትመልስ ሴት ማለት ነው። ቋንቋችን ለቢሮው ጥበብና ለድስቱ ጥበብ አንድ ስም የሰጠው በከንቱ አይደለም። ሁለቱም ያለውን መዝኖ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ በትንሽ ዕቃ ትልቅ ነገር ማድረግን ይጠይቃሉ። እንግዲህ በአንዱ ባለሙያ ሆኖ በሌላው የሰው እጅ ጠባቂ መሆን የሙያ ግማሽ ነው።

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው ቃል ደግሞ ራሳችን በሌላ ቦታ የምናፈርሰው ነው። ወታደር በዘመቻ ላይ ለራሱ ያበስላል። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ቅኔውን ፍለጋ ከአገሩ ርቆ ጎጆ የሚቀልሰው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ለምኖ፣ እሳቱን አንድዶ፣ የጎጆውን ሥራ ሁሉ ራሱ ይሠራል፤ ከዚህ ሕይወት ውስጥም ታላላቅ ሊቃውንት ወጥተዋል። ማናቸውም ቢሆኑ ድስት በመንካታቸው ከክብራቸው አልጎደለባቸውም። የጎደለበት ሰው ቢኖር በደመወዙ ግማሽ የሰለቸውን ምግብ እየገዛ፣ ሆዱ ታሞ፣ ሥራውን በድካም የሚሠራው ነው።

ነገሩ ብቻ ለብቻ ካልተመቸ በጋራ ያምራል። በአንድ ግቢ የተከራዩ መምህርና ጤና ሠራተኛ ቢስማሙ፣ አንዱ ገበያ ወጥቶ ሲገዛ ሌላው ይከትፋል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ለሁለት ቀን የሚሆን እራት አላቸው። ጎረቤት ያሉትን እናት ጠርተው ቢያቀምሷቸው ደግሞ ትርፉ ይበዛል። እኝህ እናት በመጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው ይቀምሳሉ፤ በመጨረሻም «ይህ እኮ በርበሬ አነሰው» ብለው ያርማሉ። የእርሳቸው እርማት በዚያ ድስት ላይ ሲጨመር ያ ምግብ የቱርክም የአርመንም መሆኑ ቀርቶ የይጁቤ ምግብ መሆን ይጀምራል። በርበሬውም ድንቹም የእኛ የሆኑት እንዲህ ባለው መንገድ ነው፤ በአዋጅ ሳይሆን በየማጀቱ፣ አንድ እናት ቀምሳ ስታርም።

ወላጆቻችን «ሙያ በልብ ነው» ብለዋል። ልብ ካለ ድስቱ አንድ ቢሆንም ይበቃል፤ ከሰሉም ጥቂት ቢሆን ያበስላል። እንግዲህ ከአልጋ ሥር ያለውን ድስት ያውጡት፣ ይጠቡት፤ በሚመጣው ረቡዕ ከምስሩና ከቅንጬው ጀምሩ።